ጋሽ ባህሩና የጉልበት ክኒናቸው

ጋሽ ባህሩን ያወቅኋቸው ከአዋሳ ወጣ ብላ ካለችው ከቡሹሎ ስመለስ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሳለ ነው። ከኋላዬ በብስክሌት መጥተው ወረዱና «ጎማው ተንፍሶ ነው?» አሉኝ።

«ጎማውስ ደህና ነው፤ የደከምኩት እኔ ነኝ። የጉልበት ቪታሚን ልገዛ እያሰብኩ ነው» አልኳቸው።

«ቢ ኮምፕሌክስ?» አሉና ሳቁ። «እሱን እኔ ፈትኜዋለሁ።»

ጨዋታ ስለምወድ አብሬያቸው ማዝገም ያዝኩ።

ዘመኑ የጓዶች ዘመን ነው፤ ስብሰባው ብዙ፣ የስብሰባ ጥሪውም ብዙ። ጋሽ ባህሩ አዋሳ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አመላላሽ ነበሩ። ታዲያ አምና ድካም ያዛቸው። ገና በረፋዱ ጉልበታቸው እየከዳ፣ ከብስክሌታቸው ወርደው መግፋት አመጡ። አለቃቸው ጓድ ካሳሁን ይህን አዩና፣ በክፋት ሳይሆን በማዘን፣ «ከክረምት በፊት ወደ ጥበቃ እናዛውርዎታለን፤ አረፍ ይላሉ» አሏቸው።

«በር ላይ ተጎልቼ?» አሉኝ ጋሽ ባህሩ። «ከሰው ጋር የምገናኘው በዚህች ብስክሌት ነው እኮ።»

ጤና ጣቢያ ሄዱ። ድሬሰሩ ቢ ኮምፕሌክስ ሰጣቸው፤ «ጠዋት ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ» ብሎ። ጋሽ ባህሩ ደግሞ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ጠዋት የሚበላ ሕፃንና በሽተኛ ነው ብለው እስከ ምሳ እህል አይቀምሱም። የመድኃኒት ትእዛዝ ሆነና ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ቅንጬ ያበሏቸው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ በረቱ። ቢሮውን እየዞሩም የክኒኑን ተአምር አወሩ።

ታይፒስቷ ታቢታ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ጴንጤዋ እኔ እያለሁ ሰባኪው እርስዎ ሆኑ? ለመሆኑ ያበረታዎት ክኒኑ ነው ወይስ ቅንጬው?» አለቻቸው።

ነገሩ ከነከናቸው። አንድ ሳምንት ክኒኑን በባዶ ሆድ ዋጡ። ብስክሌቷን እንደ እምቢተኛ በሬ እየጎተቱ ሰነበቱ። ጓድ ካሳሁን በመስኮት እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ክኒኑን ትተው ቅንጬውን ብቻ በሉ። በመሃሉ ለቡሹሎ አስቸኳይ ደብዳቤ መጣ። ጓድ ካሳሁን እያመነቱ ሰጧቸው። ጋሽ ባህሩ አድርሰው፣ አስፈርመው፣ ከምሳ በፊት ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ የጥበቃውን ነገር ያነሳ የለም።

«ታዲያ ክኒኑ ውሸት ነው?» አልኳቸው።

«አላልኩም። ለጎደለው ሰው ይጠቅመው ይሆናል። እኔ የጎደለኝ ቁርስ ነበር። የተረፈውን ታቢታ ወሰደችው፤ ይኸው አሁን እሷ በረታሁ ትላለች።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?»

«ሻይ ጠጥቻለሁ።»

መናኸሪያ ጋ ስንደርስ ብስክሌታቸው ላይ ወጡና ዞር ብለው፣ «ነገ በልተህ ውጣ፤ ካልበረታህ ክኒኑ ታቢታ ጋ አለልህ» አሉኝ።