እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልተዋጠ ክኒን

ወሬው ሲደርሰኝ መርፌ እየቀቀልሁ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ኪንታሮት አውጥተንላቸው የሸኘናቸው መሪጌታ ጥበቡ ሐይቁ ዳር፣ ታንኳ መሳፈሪያው ላይ በሕመም ወድቀዋል ተባለ።

ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ነርስ ነበርሁ። የዱርቤቴ ልጅ ነኝ፤ አሁን ኑሮዬ ጅማ ነው።

ሐኪማችን ዶክተር ሳምሶን ያን ጠዋት ሥራውን አሳዩኝ። ታካሚው ነቅቶ በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ጉልበቱን ያጥፋል። ማደንዘዣው፣ ሊዶካይኑ፣ በቀጭን መርፌ ዙሪያውን ይወጋል። ቸኩለው ከገፉት ያቃጥላል፤ ቀስ ማለት ነው። ከዚያ አምስት ደቂቃ መጠበቅ።

«ወንዛዬ ፍል ውሃ ሁለት ሳምንት ተነክሬ ነው የመጣሁት» አሉ መሪጌታ። «መቆሙንስ ማኅሌት አስለምዶኛል፤ የቸገረኝ መቀመጡ ነው።»

«ዛሬ ተኝተው ነዋ የሚያመሰግኑት» አለ ድሬሰሩ ዋሴ፣ ፋሻ እየቆረጠ።

ቦታውን በመቆንጠጫ ነካ አደረግሁት። «ይሰማዎታል?»

«እጅሽ ይሰማኛል። ሕመሙ ግን የለም።»

አራት ሰዓት ላይ ጨረስን። ዶክተሩ ክኒን ሰጡኝና «ማደንዘዣው ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ሳይለቅ ይዋጡት በያቸው» አሉኝ። ነገርኋቸው። «እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። መሪጌታ በፍልሰታ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ እንደማይቀምሱ አውቅ ነበር፤ እኔም ጾሜን ነበርሁ። ግን በዚያ ዘመን ሥራ ቦታ ላይ ስለ ጾም ማንሳት ያስጠይቅ ነበር። ማዕተቤን የማስረው ከጋውን ሥር ነበር። ፈራሁና ዝም አልሁ።

ወሬውን እንደሰማን ከዶክተሩና ከዋሴ ጋር ወደ ሐይቁ ሄድን። መሪጌታ በሆዳቸው ተኝተዋል። ላብ አጥምቋቸዋል። ክኒኑ እንደተቋጠረ ነው።

«ለምን አልዋጡትም?» አሉ ዶክተሩ።

«ዘጠኝ መቼ ሞላና፣ ዶክተር?»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ነግረሻቸዋል አይደል፣ ሲስተር?»

«ነግሬአቸዋለሁ» አልሁ።

መሪጌታ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። «አንቺስ ልጄ፣ ዛሬ እህል ቀምሰሻል?»

ዶክተሩ ሁለታችንንም ተመለከቱና «መርፌስ ያስገድፋል?» አሏቸው።

«በአፍ አይገባም» አሉ መሪጌታ ጥርሳቸውን ነክሰው። «በዚያ በኩል የሚገባውን የሚከለክል መጽሐፍ አላየሁም።»

በቃሬዛ መለስናቸውና ዶክተሩ ማደንዘዣውን ደገሙላቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ውሃውን እኔ ራሴ ይዤ ቀረብሁ። አማትበው ክኒናቸውን ዋጡ።

ሲወጡ ግን የክፍሉ ኃላፊ በሰው ፊት ተቆጧቸው። «ትእዛዝ የማይፈጽሙ ከሆነ ለምን ይመጣሉ?» አሏቸው። መዝገቡም ላይ እንዲሁ ተጻፈ። መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔም «ጥፋቱ የእኔ ነው» አላልሁ። ቁስሉን ለማሳየት በቀጠሮው ቀን አልመጡም፤ ከዚያም ወዲያ አላየኋቸውም።

በሳምንቱ ለዶክተሩ እውነቱን ነግሬ፣ የሚጾም ታካሚ ከሰዓት በኋላ፣ በስምንት ሰዓት እንዲገባ ለመንሁ። ማደንዘዣው ሳይለቅ ጾሙ ይፈታል። ተስማሙ። ስለ ጾም አነሳሽ ብሎ ማንም አልጠየቀኝ።

ለእናንተ ለወጣቶቹ ነርሶች የምለው ይኸው ነው፦ ክኒን ስትሰጡ «እሺ» መባሉ አይበቃም። በስንት ሰዓት እንደሚውጡት ጠይቁ።

ዋሴ፣ ዶክተር ሳምሶን፣ ያን ቀን ቃሬዛውን የያዛችሁ ሁሉ፦ ከመሪጌታ ወይም ከዘመዶቻቸው አንዱን የምታገኙ ካላችሁ፣ ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልነበረ፣ እያወቅሁ ዝም ያልሁት እኔ እንደሆንሁ ንገሩልኝ።