ጉንጩን ገልጠሽ እዪ

የጣና ዳር ሽታ ድንገት መጥቶ የያዘኝ ኖርዌይ አገር፣ ሱቅ ውስጥ፣ በረዶ ላይ በተደረደሩ ዓሦች ፊት ቆሜ ነው። የዓሣው ሽታ እርጥቡን የደንገል ቄጠማና የሐይቁን ጭቃ አስከትሎ መጣና የልጅነት ቤቴ በር ላይ አደረሰኝ።

ከመጣሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ባሌ ሥራ ሲውል እኔ ሱቅ መግባት እፈራ ነበር። ከሦስተኛ ክፍል ያቆመ ሰው የእነሱን ጽሑፍ በየት በኩል ያንብበው? ሥጋው ሁሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የቱ የአሳማ እንደሆነ፣ የቱን ማን ቢስሚላህ ብሎ እንዳረደው ሳላውቅ፣ እያገላበጥሁ መልሼ አስቀምጠው ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሰሚራ «እማ፣ ዛሬም እንቁላል?» ትለኝ ነበር። ዓሣ ግን መታረድ አይፈልግም፣ ደግሞም አውቀዋለሁ። ያወቅሁትም በፍርሃት ነው።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ የደንገል ታንኳ ይሠራ ነበር፣ እናቴ ዘይነብ ደግሞ ዓሣ ጠብሳ ትሸጥ ነበር። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ደፍርሶ ዓሣ ይጠፋና ቤታችን ጭር ይል ነበር። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጠራ እኛም አብረን እንጠራ ነበር። የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ሲመጣ ግን ሰርግ ቤት እንመስል ነበር፤ የፋብሪካና የቢሮ ሠራተኞች ሚስቶች ሳህን እየያዙ ይመጡ፣ ዘይቱ እየተንጫጫ፣ እኛ ልጆች ከመጥበሻው ሥር የወደቀ ፍርፋሪ እየተሻማን እንሳሳቅ ነበር።

በአንዱ ጾም እማ ወንድሜን ወለደችና ዓሣ ገዝቶ የሚያመጣ ጠፋ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

«ጉንጩን ገልጠሽ እዪ፣ ውስጡ ቀይ ካልሆነ እንዳትወስጂ። ደንበኞቻችንን አንድ ቀን የተበላሸ ካበላናቸው ተመልሰው አይመጡም» ብላ ላከችኝ።

ዳሩ ላይ ያሉት ሁሉ ድምፃቸው የሚያስደነግጥ ትልልቅ ወንዶች ነበሩ። ጋሼ ይማም የሚባለው ዓሣ አጥማጅ «ነይ የኔ እመቤት! አሁን ከውሃ የወጣ ነው፣ ገና ሰላምታ እያቀረበልሽ ነው!» ሲለኝ አፍሬ፣ ምንም ሳልገልጥ፣ ሦስት ቆሮሶ ዓሣ በደንገል አሳስሬ ወደ ቤት በረርሁ።

እማ ከአልጋዋ ሳትነሣ አንዱን ዓሣ ተቀብላ አሸተተችው። ቁጣ ስጠብቅ ሳቀች።

«ፋጡማ፣ ይሄማ ትናንት ነው የሞተው! ለቅሶ ልንደርሰው ነው እንዴ? ሂጂ መልሺለት።»

«ይቆጣኛል!»

«ይቆጣ። አንቺ ምንም አትናገሪ፣ ጉንጩን ገልጠሽ አሳዪው ብቻ።»

ዓሣዎቹን ይዤ ተመለስሁና ያ ሁሉ ሰው እያየኝ የዓሣውን ጉንጭ ገለጥሁ። ውስጡ አመድ መስሏል። ጋሼ ይማም ዓሣውን አየ፣ እኔን አየ። አጠገቡ መረብ የሚጠግነው ሰውዬ «ተያዝህ ይማም! የዘይነብ ልጅ መሆኗን ረሳኸው?» ሲል ዳሩ በሳቅ ተናጋ። እሱም እየሳቀ «ወላሂ፣ ከእናትሽም ትብሻለሽ» ብሎ ገና የሚፈራገጡ ሦስት አሰረልኝና አንዲት ትንሽ ዓሣ ምራቂ ጨመረልኝ።

ስመለስ እማ፣ አርባ ቀኗ ሳይሞላ፣ ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምነው ተነሣሽ?» አልኋት።

«ዓሣው አሳስቦኝ» አለችኝ።

ምራቂዋን ለብቻዬ ጠበሰችልኝ። ለማንም ሳላካፍል፣ ጭራዋ ሳይቀር ቆረጣጥሜ በላኋት።

እንግዲህ ያ ሁሉ ትዝ እያለኝ ነው ኖርዌይ በረዶው ፊት የቆምሁት። እጄ ሳላዘው ሄዶ የአንዱን ትልቅ ዓሣ ጉንጭ ገለጠ።

«እማ! እዚህ አገር በእጅ አይነካም!» ብላ ሰሚራ ልብሴን ጎተተች።

ጓንት ያጠለቀ ጢማም ሻጭ ወደ እኛ መጣ። አሁን ሊያባርረኝ ነው ብዬ እንደዚያን ቀኑ ፈራሁ። ቋንቋ የለኝ፣ ምን ልበለው? የደበዘዘውን ውስጡን አሳየሁት ብቻ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ በጣቱ ጠብቂኝ የሚል ምልክት ሰጥቶኝ ከጓዳ ሌላ ይዞ መጣ። ጉንጩንም ራሱ ገልጦ አሳየኝ። እንደ በርበሬ የቀላ! እኔ ስስቅ እሱም ሳቀ። ሰሚራ በዚያ ቀን ምሳዋን አጥንት እስክትግጥ በላች።

ሁለት ክረምት አለፈ። አሁን ዓርብ ዓርብ ዓሣ የምትገዛው ሰሚራ ናት። «ጉንጩን ግለጪ» ስላት «ሻጩ ጓንት ይሰጠኛል እኮ፣ እንደ አንቺ በባዶ እጄ አልነካም» ትለኛለች። እዚህ ምራቂ የለም፣ የሚጮህም የሚሳለቅም የለም፤ ዓሣው በጸጥታ ተመዝኖ ይጠቀለላል። እኔም መንገዱን እስክትሻገር ከመስኮት አይቻት፣ ቁጭ ማለት አቅቶኝ፣ ሻርፔን ጣል አድርጌ በሩ ላይ እቆማለሁ።

«እማ፣ በዚህ ብርድ ምነው ወጣሽ?» ትለኛለች ስትመለስ።

«ዓሣው አሳስቦኝ» እላታለሁ።