ሰው ያለው ወንበር

የአዳማ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ከሰዓት፣ ሰውዬው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ እንግሊዝኛ ሊማር ይመጣል። ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር ሳይጠርግ አይቀመጥም። ሊቀመጥበት የመጣውን ሁሉ “ሰው አለው” ብሎ ይመልሳል።

አንድ ቀን መምህርቷ ሌንሳ “ላይ” እና “ሌይ” የሚባሉትን መንትያ የሚመስሉ የእንግሊዝኛ ግሶች፣ መጋደምንና ማጋደምን፣ አስተማረች። ሌላው ተማሪ በሠራው ምሳሌ ዓረፍተ ነገር መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ሲያጋድም፣ እሱ በጠራ እንግሊዝኛ “ቆቃ ዳር አጋደምኳት፤ ዛሬም እዚያው ተጋድማለች” አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ሌንሳ አልሳቀችም። ትምህርቱ ሲያበቃ ጠጋ ብላ፣ “ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልዎታል?” አለችው።

ባዶውን ወንበር በቆረጣ አየና፣ በእንግሊዝኛ አንሾካሾከላት።

“አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እሷ ትሰማለች።”