ቁልቁል የሚወርደው ወንበር

የሰፈሩ ሰው «እህታለም» ይላታል። የወንዶች ፀጉር ቤት ከፍታ ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነው፤ እጇ ቀልጣፋ ነው፣ ምላሷም ከእጇ አያንስም። አንዱ ወንበሯ አልጠገን ሲላት ኢንተርኔት ላይ ያገለገለ አገኘችና ገዛች። መደገፊያው መቀደዱን ፎቶው ላይ አይታለች፤ ግድም አልሰጣት። ማስታወቂያው «ከፍና ዝቅ ማድረጊያው በደንብ ይሠራል» ይላል።

መጀመሪያ የተቀመጠበት ጎረቤቷ መምህሩ ነው። ፊቱን ሳሙና ቀብታ ምላጩን ስታነሳ ሰውዬው ቀስ እያለ መስመጥ ጀመረ። እሷም እየጎነበሰች ተከተለችው።

«እህታለም፣ ወዴት እየወሰድሽኝ ነው?»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ተንበርክካ ጨረሰችለት።

ታላቅ ወንድሟ ነገሩን ሲሰማ «ተይው በቃ። አሮጌ ዕቃ ገዝተሽ ማንን ልትከሺ ነው?» አላት።

«አሮጌ መሆኑን አውቄ ነው የገዛሁት፤ ስለ ቀዳዳው ትንፍሽ አልልም። ይሠራል ብሎ የጻፈው ግን ሻጩ ነው።»

ስልኳ ላይ የድረ ገጹን የሽያጭ ደንብ ከፍታ አነበበች፤ ዕቃው እንደተባለው ሆኖ ካልተገኘ ገዢው መመለስ ይችላል ይላል። ወዲያው ለሻጩ ደወለች።

«ልጄ፣ ያገለገለ ዕቃ እኮ አይመለስም» አሏት ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሽማግሌ።

«ጋሼ፣ በስልክ አንጨቃጨቅ። ይምጡና ይቀመጡበት፤ ካልወረደ አፌን እዘጋለሁ።»

በማግስቱ መጡ፤ ደንዳና ሰው ናቸው። ጨርቁን አንገታቸው ላይ አስራ ማበጠር ጀመረች።

«አየሽ? ምንም አልሆነ…» እያሉ፣ መስታወቱ ውስጥ ግንባራቸው ብቻ ቀረ። ተራ ጠባቂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። እሳቸውም አልቻሉም፣ አብረው ሳቁ።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬ ነው የተቀመጥኩበት። የአማቼ ዕቃ ነበር።»

«ሳይሞክሩት ነዋ ይሠራል ያሉኝ!»

ገንዘቧን እዚያው መለሱላት። «የመኪናውን ኪራይ ግን አንቺ ትችያለሽ» ሲሉ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጥፋቱ የማን ነው፣ ጋሼ?»

«የኔ… እሺ፣ እሺ፣ እኔው እችላለሁ።»

ከተራ ጠባቂዎቹ ጋር ሆኖ ሲያይ የነበረው ወንድሟ ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ። ሽማግሌው ሊከተሉት ሲሉ ጨርቁን ያዘቻቸው።

«በግማሽ የተበጠረ ሰው ከቤቴ አይወጣም» ብላ ሌላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ አስተካክላቸውም ስታበቃ ሙሉውን ሒሳብ ተቀበለች።