የጋሽ ሁሴን ድምፅ የታሸገበት ፋይል

መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን፣ «አም»፣ አጎት፣ ብለን የምንጠራው የሱቁ ባለቤት አም ኢድሪስ አንድ የሞተ ላፕቶፕና አንዲት ካቻቢቴ ሰጠኝና «ፍቺው፤ ከዚያ መልሰሽ ግጠሚው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ሱቁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ገበያ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ነጋዴዎቹ መጋዘን ጀርባ ያለች ጠባብ የኮምፒዩተር መጠገኛ ናት። የላፕቶፑን ሆድ በወረቀት ሣልኩና እያንዳንዱን ብሎን ስፈታ፣ በሥዕሉ ላይ በቦታው በፕላስተር ለጠፍኩት። ስጨርስ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ተሰግዶ ነበር።

«ያ ብቲ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ሌሎቹ ቶሎ ይጨርሱና ሦስት ብሎን ይተርፋቸዋል። አንቺ ግማሽ ቀን ፈጀሽ፣ ግን ምንም አልተረፈሽም። ነገ ነይ።»

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በስደተኞች ሰፈር ሀ ሁ ስቆጥር ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ከጎኔ የሚቀመጡት ጥርሳቸውን ገና የሚነቅሉ ልጆች ነበሩ። ለዚህ ይሆናል የጻፍኩትን ነገር የማከብረው። የደንበኛ ፋይል ስረከብ ፎልደሩን በባለቤቱ ሙሉ ስም፣ በአማርኛ እሰይመው ነበር። ባልደረቦቼ «ጥቁሩ ላፕቶፕ» ወይም «የሰኞው ሰውዬ» ብለው ያልፉት ነበር። እኔ እስከ አያት ድረስ ጠይቄ እጽፍ ነበር።

እትዬ ዘይነብ የመጡት ሱቁ ውስጥ ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። የጎንደር ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ተሰደው ገዳሪፍ ያረጁ። ከተጠቀለሉበት የሱዳን ልብስ፣ ከጦባቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ሃርድ ዲስክ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«የባሌ ድምፅ እዚህ ውስጥ አለ አሉኝ» አሉ። «አውጪልኝ።»

ባላቸው ጋሽ ሁሴን ፋሽጋ በሚባለው የድንበር እርሻ ውስጥ ትራክተር ነጂ ነበሩ። በመኸር ጊዜ፣ ዓርብ ዓርብ ሠራተኞቹ በየእርሻው ተከፍለው ኳስ ይጋጠማሉ። ጋሽ ሁሴን ደግሞ ትራክተራቸው ላይ ቆመው በድምፅ ማጉያ ጨዋታውን ያስተላልፉ ነበር። ይህንን የወደዱ የከተማው ጌም ቤት ወጣቶች ድምፃቸውን በስልክ ቀድተው ኮምፒዩተር ላይ ባለ የኳስ ጌም ውስጥ አስገቡት። የፈረንጁ አስተላላፊ ወጣ፣ ጋሽ ሁሴን ገቡ።

ከዚያ በሽታው መጣ። ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው፣ አንደበታቸውም አብሮ ሄደ። የቀረቻቸው አንዲት ቃል ናት።

«ቆይ ይላል» አሉ እትዬ ዘይነብ። «ውኃ ሲጠማው ቆይ። ደስ ሲለው ቆይ። እኔንም ቆይ! እንደ ወንድ ጓደኛው!» ሳቁና ወዲያው ተዉት። «የጌም ቤቱ ልጆች እንደነገሩኝ እዚያ ጌም ውስጥ ጎል ሲገባ በስሜ ይጮሃል። እኔ ሰምቼው አላውቅም። ስሜን ከጠራኝ ዓመት አለፈው፣ ልጄ።»

ጌም ቤቱ ተዘግቷል፣ ልጆቹ ተበትነዋል፣ ቅጂው የነበረበት ስልክ ተሸጧል። ኮምፒዩተሩ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ተቃጥሎ ሃርድ ዲስኩ ብቻ ተርፏል። ከጌሙም የዳነው ድምፆቹ በሙሉ የታሸጉበት አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ፋይል ዝም ብሎ አይከፈትም። ጌም የሚወዱ ሰዎች ግን በትርፍ ጊዜያቸው እሽጉን የሚፈታ ፕሮግራም ሠርተው በነፃ ይለቁታል፤ እኛ «መፍቻ» እንለዋለን። ኩባንያ የለውም፣ የረባ መመሪያም የለውም። እንቢ ሲል የሚጠየቀው የሠራው ሰው ነው፣ እሱም ከተገኘ።

እንደ ደንባችን ዋናውን አልነካሁም። ፋይሉን ወደ ኮምፒዩተሬ ገለበጥኩ፣ ፎልደሩን በጋሽ ሁሴን ሙሉ ስም ሰየምኩ፣ ዲስኩን መልሼ ጠቀለልኩት። መፍቻውን አስነሣሁ። ጥቁር መስኮት ብቅ አለና «ፋይሉ ሊከፈት አልቻለም» ብሎ ጠፋ።

አዲሱን ትቼ አሮጌውን መፍቻ አወረድኩ። ያው። የቅጂዬን መጠን ከዋናው ጋር አስተያየሁ፤ አንድም አልጎደለም። ፎልደሩን እንዳለ ወደ አም ኢድሪስ ኮምፒዩተር ወሰድኩት። እዚያም ያው መልስ። በሁለት ኮምፒዩተር፣ በሁለት መፍቻ እንቢ ያለ ፋይል ከውስጡ የተበላሸ ነው ብዬ ደመደምኩ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘይነብ ሲመጡ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ፋይሉ ተበላሽቷል፣ እትዬ። የሚወጣ ነገር የለም።»

አልተከራከሩኝም። ዲስኩን ተቀብለው እንደ ሕፃን በጦባቸው ደበቁት። «ማዓሌሽ፣ አደከምኩሽ» ብለው ወጡ። ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው።

ቅጂውን ግን አላጠፋሁም። ቢያንስ ምኑ እንደተበላሸ ልወቅ ብዬ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ መፍቻውን ለሠራው ሰው በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። በማግስቱ ባለ አንድ መስመር መልስ አገኘሁ። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ሙሉ አድራሻውን ላኪልኝ ይላል።

መፍቻውን እንደገና አስነሥቼ ጥቁሩ መስኮት ሳይጠፋ በስልኬ ፎቶ አነሣሁት፤ አድራሻውን ከፎቶው ላይ ገልብጬ ልልክለት ስል አየሁት። የጋሽ ሁሴን ስም መቀመጥ በነበረበት ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ሁሉም የጥያቄ ምልክት። መፍቻው የኛን ፊደል ማንበብ አይችልም። ፋይሉ ጋ ሳይደርስ፣ እኔ በጻፍኩት ስም ላይ ነበር የሚወድቀው። ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ስወስደውም ጥፋቱን ከነፎልደሩ ተሸክሜ ነበር የሄድኩት።

ፋይሉን በአንድ የላቲን ፊደል ብቻ ወደተሰየመ ፎልደር አዛወርኩት። መፍቻው ተነሣ፤ መስመሮቹ ተከታትለው ወረዱ። ከአራት መቶ በላይ የድምፅ ቁራጮች ወጡ፣ ሁሉም በቁጥር ብቻ የተሰየሙ።

የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። «ወጣች!»፣ «ዳኛው ምን ነካው!»፣ «ይሄ ልጅ ዛሬ ቁርስ አልበላም!» የአስር ሶላት ሊሰገድ ሲል «ዘይነብ» የሚል ሰማሁ። እዚያው አቆምኩት። ቀሪውን ለመስማት ተገቢዋ ሰው እኔ አልነበርኩም።

«ተገኘ?» አለ አም ኢድሪስ።

«ተገኘ። ይምጡ ብዬ ልደውል?»

«ፋይሉ ሞቷል ያልሻቸው አንቺ፣ ደግሞ ይምጡ? አንቺ ሂጂ እንጂ! ላፕቶፑንም ያዢ።»

ቤታቸው ስደርስ ጋሽ ሁሴን ደጃፉ ላይ የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። እትዬ ዘይነብ ላፕቶፑን ሲያዩ ቆሙ።

«ተሳስቼ ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ፋይሉ ደኅና ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ተይው አሁን እሱን። ክፈቺው።»

ከፈትኩት። «አገባ! አገባ! ይቺ ጎል የዘይነብ ናት!» ጋሽ ሁሴን ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ጌሙ ውስጥ ቢሆን ድምፁ እዚህ ላይ ይቆረጥ ነበር። ልጆቹ ግን ሳይቆርጡ ነበር ያሸጉት፤ ቀጠለ። ከሩቅ የወጣቶች ሳቅ፣ ከዚያ የጋሽ ሁሴን ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፦

«ተቀዳ? እንዳትነግሯት። ስሜን በየጌም ቤቱ አዞረው ብላ ትቆጣኛለች።» ወዲያው ደግሞ፦ «ኧረ ቆይ፣ ድገሙልኝ። በደንብ አልጠራኋትም።»

ከዚያ ያለ ጩኸት፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ሚስቱን እንደሚጠራ፦ «ዘይነብ።»

እትዬ ዘይነብ የጦባቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ቆይተው ወደ ባላቸው ዞሩና ጉልበታቸውን መታ አደረጓቸው።

«አንተ ሰውዬ! እኔ መቼ ነው የተቆጣሁህ?»

ጋሽ ሁሴን ሳቁ። ሳቃቸውን በሽታው አልወሰደውም፤ ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ። በደኅናው እጃቸው ላፕቶፑን ጠቆሙኝ፣ እንድደግመው። ደገምኩት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ዛሬ ፎልደሮቼን በቁጥር ነው የምሰይመው። ስሙን ከነአያቱ በደብተር እጽፋለሁ፤ ቁጥሩን ከጎኑ። ሱቃችን ሥራ ሊለምዱ አዲስ ለሚገቡት ሴቶች የማሳያቸውም ይህንኑ ነው። መፍቻ እንቢ ሲላችሁ መጀመሪያ እናንተ የጨመራችሁትን ነገር አንሡና እንደገና ሞክሩ። ያንን ሳታደርጉ ለማንም ሰው ፋይልህ ተበላሽቷል አትበሉ።