የጾም ባቄላ የበላው ዳማ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከቁስቋም በታች ባለው ሜዳ በተደረገው የፈረስ ግልቢያ፣ እህቴ ያሳደገችው ዳማ ፈረስ ሁሉንም ቀድሞ ገባ።

አምና መጨረሻ ስለወጣ፣ ዘንድሮም ከተሸነፈ ልትሸጠው ቆርጣ ነበር።

ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ በጃንሆይ ዘመን፣ አባታችን ለፈረሳቸው ከገብሱ ጋር የተዘፈዘፈ ባቄላ ይሰጡ እንደነበር አስታወስኳት። ገብስ ጉልበት ይሰጣል፤ ጡንቻ የሚገነባው ግን ባቄላ ነው። እሷም ለዳማው ባቄላ እየዘፈዘፈች ከገብሱ ጋር ትሰጠው ጀመር።

ወቅቱ ጾም ነበርና ጎረቤታችን አያ ደሴ ሳቁባት፦ «ምነው አንቺ፣ የሽሮውን ባቄላ ለፈረስ? እናንተ ጭድ ልትበሉ ነው?»

ዛሬ የዳማውን አንገት እያሻሹ፣ «ሸጋ ነው። ለመሆኑ ባቄላው ስንት ሰዓት ይዘፈዘፋል?» አሏት።

«መጀመሪያ ሽሮዎን ይተዉ፣ አያ» አለቻቸው።

ዳማው አይሸጥም። በአባቴም በእህቴም ኮርቻለሁ።

በእናንተስ ቤት ፈረስ ከገብስ ሌላ ምን ይበላ ነበር?