የቧንቧ ውሃው ጠላት

እኔ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር አላምንም። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ልብስ መስፊያ ቤቴ ፊት ለፊት ያ ትልቅ ባነር የተሰቀለ ቀን፣ ገና ሰዎቹ መሰላላቸውን ሳያነሱ ከደጄ ሆኜ አየሁት። አንድ ወታደር ጠመንጃውን ወደ እኛ ደግኗል። ከኋላው የጎረቤት አገር ባንዲራ ይውለበለባል፤ ዓይኑን ፍም አስመስለው በቀይ አቅልመውታል። ከሥሩ «ጠላት ደጃፍህ ቆሟል፤ ንቃ!» ይላል። ምን ንቃ ይሉኛል፤ ከጦርነቱ ወዲህ መቼ ተኛሁና!

«ፊቱን አየኸው? ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረበትም እኮ» አለኝ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛዬ። እኔ እንኳ ፊቱን አላየሁም፤ ልብስ ሰፊ አይደለሁ፣ የማየው አንገትጌውን ነው። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የተለበጠች ሂርዝ፣ ያቺ የክታብ ዓይነት፣ ተንጠልጥላለች፤ አንድ ጠርዟ በቢጫ ክር ተሰፍቷል። መቀሴን ጥዬ መንገዱን ተሻገርኩ።

ያቺን ሂርዝ የለበጥኳት እኔ ነኝ። ከሱቄ ጀርባ የሚኖሩት እማማ፣ አንድ ልጃቸው ሊዘምት ሲል፣ ሼሁ ከክፉ ይጠብቀው ብለው ዱዓ ያደረጉባትን ይዘው መጡ። ከመጋረጃቸው ቁራጭ ሰፋሁላቸው፤ አረንጓዴው ክር ቢያልቅብኝ በቢጫ ጨረስኩት። ልጁን እስከ ኮምቦልቻ ሸኘነው። ይኸው እስከ ዛሬ ስልክም የለ፣ መርዶም የለ። እማማ «መርዶ ያልመጣበት ልጅ በሕይወት ነው» ብለው ይጠብቁታል።

ታዲያ የኛ ልጅ በምን ተአምር የሌላ አገር ጠላት ሆነ? ፎቶውን ከየት ለቀሙት? የሞተ አይከስም ብለው ይሆን? ብጠይቅስ «ለጠላት ጠበቃ የቆምከው አንተ ማነህ?» ቢሉኝስ? አፌን ዘጋሁ። ሥራዬ እማማን ከዚያ መንገድ ማራቅ ሆነ። «እማማ፣ በላይኛው በኩል ይሂዱ፣ እዚህ ጭቃ ነው» እላለሁ፤ በጠራራ በጋ!

«አንተ ልጅ፣ ምን ደብቀኸኛል?» አሉኝ አንድ ቀን፣ ዞረውም አዩት። ይወድቃሉ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። አዩት፣ አዩት። «ወላሂ ከስቷል» አሉ። ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ለማንም እንዳትናገር፤ ያወርዱብኛል» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ መንገድ አልሄዱም።

በኋላ ባነሩን በሌላ ሊቀይሩ መጡ። እማማ መሰላሉ ሥር ቆመው አሮጌውን ለመኑ።

«ጣራው ያፈሳል እንዴ፣ እማማ?» አላቸው ሠራተኛው።

«ያፈሳል ልጄ፤ አላህ ይስጥህ።»

ቤታቸው ድረስ ተሸከምኩላቸው። ጣራቸው አያፈስም።

በማግስቱ ሱቄ መጡ፤ ጣታቸው በሳሙና ብዛት ተልጧል።

«ባንዲራውን ቆርጠህ ታወጣልኛለህ፤ እሱ ቀላል ነው» አሉኝ። «ዓይኑን ግን ባሸው፣ ባሸው አልለቅ አለኝ። አንተ የልብስ ሰው ነህ፣ ይሄ ቀለም በምን ይለቃል?»